ሐምሌን በጓንዡ አቆጣጠር

ሰውየው ጀርባው ላይ ሰናፍጭ ለጥፏል። በሰናፍጩ ላይ ካናቴራ፣ በካናቴራው ላይ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ጋቢ ደርቦ «የዓመቱን ሙቀት እየሰበሰብኩ ነው» ይለኛል። ውጭ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ለመሰማማት መጮኽ ነበረብን። ሐምሌ ነው፣ አዲስ አበባ ነው። የምን ሙቀት?

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ወዳጄን ታውቁታላችሁ። ያ መርካቶ ጫማ የሚያከፋፍለው፣ በሎሚና በማር ኩላሊቱን ሊያጥብ የተነሣው፤ ከዚያም በፊት «ከእንጀራ ጋር ተፋትቻለሁ» ብሎ ባወጀ በሳምንቱ ለቅሶ ቤት ፍርፍር ላይ እጅ ከፍንጅ የተያዘው። ዕቃ ለማምጣት ቻይና፣ ጓንዡ ይመላለሳል። ከሰሞኑ ጉዞው ከጫማው ጋር አንድ «የጤና ፕሮግራም» ይዞ መጣ፤ በሦስት ምዕራፍ የተከፈለ፣ መመሪያው በስልክ የሚላክ፣ ሻዩና ፕላስተሩ በካርቶን የታሸገ። ምዕራፍ አንድ «መክፈት»፣ ምዕራፍ ሁለት «ማሞቅ»፣ ምዕራፍ ሦስት «መዝጋት» ይላል። በዚህ ዓይነቱ ነገር ላይ ያለኝን አቋም ደጋግሜ ጽፌዋለሁ፤ ጤናን በምዕራፍ የሚሸጥ ሰው ሁለተኛውን ምዕራፍ የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ሳይሠራ ሲቀር ነው።

ደግነቱ ነገሩ ከሜዳ የተፈጠረ አይደለም። ሻጩ እንደፈለገ ቆራርጦ ይሽጠው እንጂ ከጀርባው እውነተኛ ልማድ አለ፤ ቻይናዎች «ሳንፉ» ይሉታል። የዓመቱ ሐሩር የሚበረታባቸው፣ በሦስት የተከፈሉ ቀናት ናቸው፤ የመጀመሪያው ክፍል 10 ቀን፣ መካከለኛው እንደ ዓመቱ 10 ወይም 20፣ የመጨረሻው 10። ድምሩ 30 ወይም 40 ቀን ይሆናል። መግቢያው በእኛ ከሐምሌ 4 እስከ 14 ባለው ውስጥ ይዋልላል፤ ፀሐይ የሰሜን ጥግዋን ከረገጠችበት ዕለት በኋላ፣ አሥር አሥር ቀን በሚዞር ጥንታዊ አቆጣጠር ተሰልቶ የሚገኝ ነውና። ባሕረ ሐሳብ የለመደ ሰው ቶሎ ይገባዋል።

በነዚህ ቀናት ቻይና ውስጥ የባህል ሕክምና ሆስፒታሎች ደጃፍ ሰልፍ ነው። ሰልፈኛው ባብዛኛው አስም፣ የቆየ ሳል ወይም ብርድ በመጣ ቁጥር የሚዘጋ አፍንጫ ያለበት ነው። ነጭ ሰናፍጭ ከሌሎች ሥራ ሥሮች ጋር ተወቅጦ በዝንጅብል ጭማቂ ይለወስና ጀርባ ላይ በተመረጡ ነጥቦች ይለጠፋል። ለጥቂት ሰዓታት ያቃጥላል፣ ቆዳ ያቀላል፣ አንዳንዱን ውሃ እስኪቋጥር ድረስ ይለበልበዋል። በሦስቱም ምዕራፎች ይደገማል። ሐሳቡ የብርድ ወራትን በሽታ በሙቀት ወራት ማከም ነው፤ ሐሩሩ ሲበረታ ቆዳ ይከፈታል፣ ያንግ የሚሉት የሙቀት ኃይል ከሰውነት ወደ ላይ ይወጣል፣ ያን ጊዜ መድኃኒት ካገኘ ሥር የሰደደውን ቅዝቃዜ ነቅሎ ያባርራል ይላሉ። ብታምኑትም ባታምኑትም የራሱ አካሄድ አለው። ጓንዡ በሐምሌ ቀን ቀን 33 ዲግሪ ገደማ ትሞቃለች፤ እርጥበቱ ሲጨመርበት ሸሚዝ ገላ ላይ ይጣበቃል። ቆዳ መከፈት ካለበት እዚያ ይከፈታል።

እኛስ? አዲስ አበባ በሐምሌ ቀትር ላይ 20 ዲግሪን ከነካች ተመስገን ነው። የሌሊቱን ውርጭ ለኅዳርና ለታኅሣሥ እንተውለትና፣ ቀኑ ራሱ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ቢኖር አሁን ነው። ቤጂንግ በረጅሙ ቀኗ 15 ሰዓት ያህል ብርሃን ታገኛለች፤ እኛ ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙም አናልፍም፣ እሱንም ደመናው ይበላዋል። ፀሐይ ብልጭ ስትል ሰፈሩ ሁሉ ልብስ ሊያሰጣ ይሯሯጣል። ወዳጄ ሙቀት መሰብሰብ ካማረው መጋቢት ላይ ነበር ጀርባውን ለፀሐይ መስጠት የነበረበት፤ አለዚያም አዋሽን ተሻግሮ አፋር መውረድ ነው። ይህን ስነግረው «ፕሮግራሙ ዓለም አቀፍ ነው» አለኝ።

ዓለም አቀፍነቱ ጉድ ያፈላው ሰዓቱ ላይ ነው። በዚህ ሕክምና ቀንና ሌሊቱ ሁለት ሁለት ሰዓት ባላቸው 12 ክፍሎች ይመደባል፤ እያንዳንዱ ክፍል የአንድ የሰውነት ክፍል ተራ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 እስከ 1 የሐሞት ከረጢት፣ ከዚያ የጉበት፣ ከዚያ የሳንባ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ከ11 በፊት አልጋ ውስጥ መገኘት ግዴታ ነው። ባለቤቱ መመሪያውን በልጃቸው ስልክ አስተርጉማ አነበበችው፤ ስልኩ «ሌሊት» የሚለውን ዘለለው። ሰውየው ከሱቅ ሲመለስ በእኛ 11 ሰዓት አልጋው ተነጥፎ፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ እግሩን የሚዘፈዝፍበት ሙቅ ውሃ ቀርቦ ጠበቀው። ዶሮዎቹ እንኳ ገና አልገቡም። ጎረቤት «ምን ሆነ?» ብሎ ሊጠይቅ መጣ። በማግስቱ የጨጓራ ተራ ከ7 እስከ 9 ነው ስለተባለ ቁርሱን እስከ 7 ሰዓት ድረስ ተከለከለ። «እስቲ አንተ ንገረው፣ አንተን ይሰማል» ትለኛለች ምስኪኗ። እኔን ሰምቶ ቢያውቅ ኖሮ ይህ ዓምድ ግማሹን ርዕስ ባጣ ነበር።

ምዕራፍ ሁለት የበግ ሾርባ ያዛል። ይህም ከእውነተኛው ልማድ የተቀዳ ነው፤ ጂያንግሱ ክፍለ ሀገር ውስጥ ሹጆ በምትባል ከተማ ሰው በሳንፉ ሐሩር በርበሬ የበዛበት የበግ ሾርባ እየጠጣ ላቡን ያንጠፈጥፋል፤ ስሙ የተጠራ ዓመታዊ በዓልም አለው። በግ ላይ ከወዳጄ ጋር ጠብ የለኝም፤ የዚህ ሁሉ ፕሮግራም ብቸኛው የተባረከ መስመር እሱ ነው። ችግሩ ሾርባው ሳያበቃ ፍልሰታ መግባቷ ነው። ለሻጩ ጽፎ ጠየቀው። «አትክልት ብቻ የሚመገቡ ከሆነ በቶፉ ይተኩ» የሚል መልስ መጣ። የወዳጄ እናት ቢሰሙ «ቶፉ የማን ልጅ ነው?» ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ይኸው ደግሞ የባህል ሕክምና ላይ ዘመተ» ልትሉኝ ነው። ቅሬታዬ የተገላቢጦሽ ነው፤ ፕሮግራሙ ቻይናዊነቱ አንሷል። የዚህ ሕክምና የሁሉ አባት የሆነው መጽሐፍ «ኋንግዲ ኔይጂንግ» የተጠናቀረው የዛሬ 2,000 ዓመት ገደማ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎቹ አንዱ ዓመቱን በአራት ከፍሎ ለየወቅቱ አነዋወር ይመድባል። ቡቃያ ሲያቆጠቁጥ አምሽቶ መተኛት፣ ማልዶ መነሣት፣ ፀጉርን ፈትቶ ግቢ ውስጥ መንሸራሸር፤ በሐሩር ፀሐይን አለመሰልቸት፣ አለመቆጣት፤ ቅጠል ሲረግፍ በጊዜ ተኝቶ ከዶሮ ጋር መነሣት፤ በውርጭ ወራት በጊዜ ተኝቶ ፀሐይ እስክትወጣ ከአልጋ አለመውረድ። ምዕራፍ ካላችሁ ይኸው ምዕራፍ። ካርቶን የለው፣ ክፍያ የለው፤ ሰውየው በሩን ከፍቶ ደጁን እንዲያይ ብቻ ይፈልጋል።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ይበልጥ የምወደው ቦታም አለ። አንዱን በሽታ ሐኪሞች በተለያየ መንገድ እያከሙ ሁሉም የሚድነው ለምንድን ነው ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱ አገሩ ስለሚለያይ ነው የሚል ነው። ዓሣና ጨው ለሚበላው ለምሥራቁ የድንጋይ መርፌ፣ ለምዕራቡ የሚጠጣ መድኃኒት፣ ለሞቃቱና ለእርጥቡ ደቡብ ቀጭን መርፌ፣ ለመካከለኛው አገር እሽትና እንቅስቃሴ። ሰሜኑ ግን ከፍ ያለ፣ ነፋስ የሚበዛበት፣ ቀዝቃዛ፣ ሕዝቡም ወተት የሚወድ ነው ይላል፤ ለእሱ የሚሆነው ሞክሳ ነው፣ የደረቀ ቅጠል ቆዳ አጠገብ እየጨሰ የሚያሞቅበት ሕክምና። ከፍ ያለ፣ ነፋሻ፣ ቀዝቃዛ፣ ወተት የሚወድ። ይህ ሰው እንጦጦ ሥር ካልኖረ የት ይኖራል? የሞክሳው ቅጠል ደግሞ የአሪቲና የጭቁኝ የቅርብ ዘመድ ነው። ወዳጄ በመጽሐፉ ቢሄድ ኖሮ ከሰናፍጩ በፊት የጓሮው አጥር ይበቃው ነበር።

ደንበኛው የቻይና ሐኪም ይህን ያውቀዋል። ከሄናን ክፍለ ሀገር የሚላኩ የሐኪም ቡድኖች ከ1974 ጀምሮ ኢትዮጵያ ሲመላለሱ ኖረዋል (የዚህ ጽሑፍ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ የባህል ሕክምና የተማረው ከሁሉ በፊት ምላስህን አውጣ ይልሃል፣ በሦስት ጣቱ የእጅህን ትርታ ይዳስሳል፣ የት እንደምትኖርና ምን እንደምትበላ ይጠይቃል። ጓንዡ ያለው ሻጭ የወዳጄን ምላስ አላየም። ያየው የባንክ ዝውውሩን ነው።

«5,000 ዓመት የተፈተነ ነው» ለሚሉኝ አጭር መልስ አለኝ። የሰናፍጩ ፕላስተር ተዘርዝሮ የሚገኘው ዣንግ ሉ የተባለ ሐኪም በ1695 ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ጎንደር ላይ ታላቁ ኢያሱ የነገሡበት ዘመን ማለት ነው። ትምህርቱም ዛሬ በያዘው መልክ በመማሪያ መጽሐፍ የተደራጀው መንግሥት በ1956 ቤጂንግ፣ ሻንጋይ፣ ጓንዡና ቼንግዱ ላይ ኮሌጆች ከከፈተለት ወዲህ ነው። ዕድሜው ብቻውን ያኮራል፤ ምርቃት መጨመር ለምን አስፈለገ?

ሌሎቹ ደግሞ ቻይናዊቷን ተመራማሪ ቱ ዩዩን ይጠሩብኛል። ጥሩ፣ እሷን እንጥራ። በ1969 የወባ መድኃኒት ፍለጋውን ተቀላቀለች፤ በአራተኛው መቶ ዘመን ጌ ሆንግ የጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ቅጠል በውሃ ዘፍዝፎ ጨምቆ መጠጣት የሚል መስመር አገኘች። አፍላ የሚል የለበትም። ሙቀቱ መድኃኒቱን ሳያጠፋው አይቀርም ብላ በዝቅተኛ ሙቀት፣ በኤተር አወጣችው። በአይጥና በዝንጀሮ ፈተነችው፤ ከዚያ ከባልደረቦቿ ጋር ራሷ ዋጠችው። በ2015 ኖቤል ተሸለመች። የዚያ ቅጠል ፍሬ ነገር ያለበት ኮአርተም ከ2004 ጀምሮ በኢትዮጵያ የወባ ሕክምና የመጀመሪያው መድኃኒት ሆኖ ስንቱን ከሞት መልሷል። የሞክሳውና የአሪቲው ዘመድ ነው ቅጠሉም። እንግዲህ ይህች ሴት ያደረገችውን አስተውሉ፤ ከመጽሐፉ አንድ መስመር ወሰደች፣ ተጠራጠረችው፣ ፈተነችው፣ ቀሪውን ተወችው። የወዳጄ ሻጭ ደግሞ መጠራጠሩን ትቶ ቀሪውን ሁሉ ወሰደ።

ምዕራፍ ሦስት ላይ በቻይንኛ ብቻ የተጻፈበት የሻይ ከረጢት አለ። ምን እንዳለበት ወዳጄ አያውቅም፤ «ቅጠል ነው» ይላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ በአንድ የማክሻ ክሊኒክ የቻይና ቅጠል የተሰጣቸው ሴቶች «ቅጠል ነው» ብለው ነበር የዋጡት። ፋንግጂ በሚባለው ሥር ፋንታ በስሙ የሚመስለው ጓንግ ፋንግጂ ገብቶ ከመቶ በላይ የሚሆኑት ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ብዙዎቹ ኩላሊት እስከ መቀየር ደረሱ፣ በኋላ ካንሰርም ያገኛቸው ነበሩ። ሻዩን እኔ ራሴ ከካርቶኑ አውጥቼ ወስጄበታለሁ። አልመልስለትም።

አሁን ወደ አሮጌው ጠቤ ልምጣ፤ ታክሲ መስኮት። ይቅርታ አልጠይቅም። ክረምት በገባ ቁጥር ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ተጠቅጥቆ፣ መስታወቱ በትንፋሽ ታፍኖ፣ አንዱ ከኋላ ሲያስለው ሌላው ከፊት እየተቀበለው እንጓዛለን። መስኮት በጣት ስፋት ከተከፈተ «ወንድም፣ ዝጋው እንጂ፣ ብርድ ልታስመታን ነው?» ይባላል። ሳይነስ ያለበት ይነሣል፣ ልጅ ያዘለች ትጮኻለች፣ ረዳቱ ይፈርዳል፤ ፍርዱ ሁልጊዜ በእኔ ላይ ነው። ወዳጄ በዚህ ጉዳይ ዱሮም ከዘጊዎቹ ወገን ነበር። ዘንድሮ ግን ማስረጃ ይዞ መጣ። በቻይና ሕክምና የበሽታዎች ሁሉ አለቃ ነፋስ ነው፤ በማጅራት በኩል ይገባል፣ ብርዱንና እርጥበቱን እየመራ ያስገባል። «ይኸው፣ ቻይናም ዝጉ ብሏል!» አለኝ ጣቱን እያወዛወዘ፤ ኤድንብራ የተማረ ፕሮፌሰር የመሰከረለት ያህል ኮርቶ።

ቻይናን ምስክር ከጠራ እኔም አለኝ። በ1910 መጨረሻ ማንቹሪያ ውስጥ ሳንባ የሚያጠቃ ፕሌግ ገባ፤ እስኪያልፍ 60,000 ያህል ሰው ጨረሰ። ፔናንግ የተወለደ፣ ካምብሪጅ የተማረ ዉ ሊየን ተህ የሚባል ወጣት ሐኪም ወደ ሐርቢን ተላከ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው አለ፤ ከሻሽና ከጥጥ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አሰፋ፣ ሐኪሙም አስታማሚውም እንዲያደርግ አዘዘ። ሜኒ የተባለ በዕድሜም በስምም የሚበልጠው ፈረንሳዊ ሐኪም ናቀው፤ አፉን ሳይሸፍን በሽተኞች ክፍል ገባ፤ በቀናት ውስጥ ሞተ። ያን ክፍል ያዳረሰው ነፋስ ከደጅ አልገባም፤ ከበሽተኛው አፍ ወጣ። ሳንባ ነቀርሳም የሚተላለፈው እንዲሁ ነው፤ ታፍኖ በቆየ አየር ውስጥ። ማጅራቱን የሚፈራ ሰው ሻርፕ ይጠምጥም። መስኮቱ የጋራ ነው።

ይህን ተከራክረን ሳንጨርስ ነው ክፍሉ ውስጥ ያለውን ምድጃ ያየሁት። ምዕራፍ ሁለት «ክፍልዎን ያሙቁ፣ ነፋስ አያስገቡ» ይላላ። ጓንዡ ያለ ሰው ይህን ሲያነብ ምናልባት አየር ማቀዝቀዣውን ያጠፋል። ወዳጄ ደግሞ ከሰል አቀጣጥሎ፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ወትፎ፣ መስኮቱን ጠርቅሞ፣ ጋቢ ውስጥ ተቀምጧል። ራሱን ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። «ብርዱ እየወጣ ነው» አለኝ። የሚወጣ ብርድ አልነበረም፤ የሚገባ የከሰል ጋዝ ነበር። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ ደም ውስጥ ኦክስጅኑን ቦታ ቀምቶ ሰውን በተኛበት የሚያስቀር። በየክረምቱና በየበዓሉ ሰሞን ቤተሰብ እንዳለ አለቀ የሚለውን ወሬ ሰምተን «እግዜር ያጥናቸው» እንላለን፤ ማታ ግን ምድጃውን እናስገባለን። በሩን በርግጄ ከፈትኩት። ሰደበኝ። ባለቤቱ ግን ምድጃውን አንሥታ ደጅ አወጣችው።

ከዚያ ደግሞ፣ አስም አለበትና፣ ቬንቶሊኑን የት እንዳደረገው ጠየቅሁት። «ፕሮግራሙ እስኪያልቅ» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ሙቅ ውሃውን ጠጡ፣ ዝንጅብሉን አፍሉ፣ እግራችሁን ዘፍዝፉ፣ በጊዜ ተኙ፤ ይህን ለማድረግ የጓንዡም የእኔም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም። የበጉን ሾርባ ከነሐሴ 16 በኋላ በሰፊው። ምን እንዳለበት የማታውቁትን ሻይ ግን አትጠጡ፤ አስም ያለባችሁ ሐኪም ሳይላችሁ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ፤ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር አትዝጉ። ታክሲ ውስጥ ካገኛችሁኝም መስኮቱን በጣት ስፋት ልክፈት፣ አትጩኹብኝ።